ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ በቆመችበት ሰሞን

መርሳ የደረስኩት ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያደግኩት ባሕር ዳር ስለሆነ ወሎን የማውቀው በዘፈን ብቻ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን ስጎትት መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጣራዎቹ ላይ ነው። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ቆርቆሮ ሁሉ ላይ ዲሽ ተተክሏል። ግማሾቹ ወደ ምዕራቡ ተራራ፣ ግማሾቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረው፣ በየወገናቸው አንዱም ዝንፍ አላለም። በሌሎች ከተሞች ያየሁት ዲሽ አንዱ ተጣሞ፣ አንዱ ዝጎ ነው። የእዚህኞቹ ግን አንድ እጅ የተከላቸው ይመስሉ ነበር። ቆይቶ እንደሰማሁት፣ እውነትም አብዛኞቹን የተከላቸው አንድ ሰው ነው። እኔም ሳላውቅ ቤት ልከራይ የሄድኩት ወደዚያው ሰው ግቢ ነበር።

ግቢው ከገበያው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፓፓያ የበዛበት ነው። ባለቤቱ ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሰው ነበሩ። በጉብዝናቸው ጅዳ ሄደው አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ጣራ ላይ ዲሽ ሲተክሉ ኖረዋል። እግራቸውም የተሰበረው እዚያው ከጣራ ወድቀው ነው። እኔ አባባ እላቸው ነበር፣ ሚስታቸውን ደግሞ እማማ። እሳቸው መጀመሪያ ላይ መምህርት ይሉኝ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ልጄ ወደሚለው ተሻገሩ።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ክፍሌ በር ላይ ቆመው ሲያመነቱ አየኋቸውና ይግቡ አልኳቸው። አልገቡም።

«ፊዚክስ ነው አሉኝ የምታስተምሪው» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄን ሳተላይት ስፈልገው ኖሬያለሁ። የማይወድቀው ለምንድን ነው?»

እንደ ተማሪ የጠየቀኝ ሽማግሌ እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። ይወድቃል አልኳቸው፤ ሁልጊዜ እየወደቀ ነው፤ ግን ወደ ጎን የሚበርበት ፍጥነት ከፍተኛ ስለሆነ በወደቀ ቁጥር ምድር ከሥሩ ጎብጣ ትሸሸዋለች። እኛ ጋ የቆመ የሚመስለው ደግሞ ምድር አንዴ በምትዞርበት ጊዜ እሱም አንዴ ስለሚዞር ነው። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሬ ግቢው መሐል እያዞርኩ አሳየኋቸው። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። እሳቸው የድንጋዩን ዙር በዓይናቸው ተከተሉ።

«እኔ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር» አሉና ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው መውጣት ጀመርኩ። ሞተር ብስክሌታቸው ላይ ከኋላ ተቀምጬ፣ ዲሹ ጀርባዬ ላይ በገመድ ታስሮ፣ ግራና ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ እንሄዳለን። መንገዱ አቧራ ነው፤ ዳርና ዳሩ ማሽላ። ግራና ስንደርስ የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ መሰላል አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አባባ እኔን ወደ ላይ ይልኩኛል፣ እሳቸው ከታች ሆነው ፋይንደሩን ጆሯቸው ላይ ያስጠጋሉ። ፋይንደር ሞገዱን ሲያገኝ የሚጮህ፣ መዳፍ የማታክል መሣሪያ ናት፤ ከጅዳ ይዘዋት የመጡት እሷኑ ነው። መርፌዋን አያዩም፣ ድምጿን ነው የሚሰሙት። «ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ተዪው፣ አትተንፍሺ» ይሉኛል። ዲሹን የፀጉር ያህል ገፋ ሳደርገው ጩኸቱ ሲቀጥን፣ ከሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለች የመኪና ያህል ዕቃ በእጄ የነካኋት ይመስለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ዓመት ስለ ሞገድ ተምሬ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም።

ሲመሽ፣ እሳቸው መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ፣ ሦስታችን ግቢው ውስጥ እንቀመጣለን። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ዝቅ ብለው የሚበሩት ሳተላይቶች እንደ ኮከብ እያበሩ ሲያልፉ ይታያሉ። አባባ ሙሳፊር ይሏቸው ነበር፣ መንገደኛ ለማለት። «ሙሳፊር መጣ» ካሉ ሁላችንም አንገታችንን እናቃናለን። ከሁሉ ደምቃ የምታልፈው ሰው የሚኖርባት ጣቢያ ነች ብዬ ስነግራቸው እማማ አላመኑኝም። ምን በልተው ያድራሉ ብለው ጠየቁኝ። የደረቀና የታሸገ ምግብ ነው ስላቸው፣ ያን ያህል ርቀው ሄደው ድርቆሽ ነው እንዴ የሚበሉት ብለው አዘኑላቸው። ያንን ሰሞን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይፈታል።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ የማውቃት በስልክ ድምጿ ብቻ ነው። አባባ በልጅነቷ አማርኛን በአረብኛ ፊደል መጻፍ አስተምረዋታል። እሳቸውም ከአባታቸው የተማሩት ነው፤ በወሎ መንዙማውም፣ ደብዳቤውም ድሮ እንዲያ ይጻፍ ነበር። ልጅቷ የሄደች ሰሞን አሠሪዎቿ ስልኳን ይዘውባት ብዙ ወር ድምጿ ጠፋ። በኋላ አንድ ዒድ ላይ አባባ የአረብ ጣቢያ ከፍተው ሳለ፣ ከምስሉ ሥር ተመልካች በአጭር መልእክት የሚልከው ሰላምታ በሚያልፍባት ቢጫ መስመር ላይ የራሳቸው ቋንቋ በአረብኛ ፊደል ተጽፎ ሲያልፍ አዩ። ልጃቸው ነበረች። የሱቅ ሰው ለምና ነው የላከችው። አረቡ ሁሉ አይቶ አልገባውም፤ መርሳ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ግን ተነስተው ቆሙ። ይህን ታሪክ እማማ ቢያንስ አሥር ጊዜ ነግረውኛል።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣው በክረምት ነው። መጀመሪያ ከወልድያ በኩል በእግሩ የሚመጣው ሰው አስፋልቱን ሞላው። ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ባዶ እጁን የሚሄድ። ጓደኞቼ የሆኑት መምህራን በአንድ አይሱዙ ላይ ተጭነው ወደ ደሴ ሲወጡ እኔ ወባ ይዞኝ ቀና ማለት አቅቶኝ ነበር። ቀና ባልኩ ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል። አባባም በዚያ እግራቸው የት ይሄዳሉ? ሦስታችን ቀረን።

መብራት ጠፋ። ስልክ ጠፋ። ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ገባች። ቤት ለቤት ሲፈተሽ የእኔ ስልክ ተወሰደ። ዲሽ ያለበት ቤት ቴሌቪዥን አለው እየተባለ ይዘረፋል የሚል ወሬ ሲመጣ አባባ የራሳቸውን ዲሽ በጎረቤት እርዳታ ከጣራ አስወረዱት። ሪሲቨሩንና ከመኪና የተፈታች ትንሽ ስክሪናቸውን እማማ ማሽላ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። ፋይንደሯ ግን አልነበረችም። ውርጌሳ ላለ የቀድሞ ሠራተኛቸው አውሰውት እዚያው ቀርታለች።

ከሁሉ የከፋው አለማወቁ ነበር። ማን የት እንደደረሰ፣ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ። ሰው ሁሉ ያልሰማውን ይናገራል። ወልድያ እንዲህ ሆነ፣ ደሴ እንዲያ ሆነ ይባላል፤ በማግስቱ ሌላ። እኔ እናቴን አስብ ነበር። ብቻዋን ናት፣ ደም ግፊት አለባት፣ የእኔን መጥፋት እንዴት እንደምትችለው አላውቅም።

አዲሱ ዓመት ገብቶ፣ መስቀል ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ አባባ አስር ሰላት ሰግደው ፓፓያው ሥር ተቀመጡ። ከቀትር በኋላ የሚሰገደው ሰላት ነው፤ እኛ ጋ በዚያ ወቅት ከዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ይገባል። ፊታቸው ወደ ምዕራብ ነበር።

«ዛሬ ጁምዓ ነው» አሉኝ። «ልጄ የምታርፈው ጁምዓ ነው። እኔ በዚህ ሰዓት ጣቢያውን እንደማይ ታውቃለች። ከጻፈች፣ ጽሑፏ አሁን ይሄ ግቢ ላይ እየዘነበ ነው ልጄ። የምንይዝበት ነው ያጣነው።»

ዲሹ አለ፣ ሪሲቨሩ አለ። የሞተር ብስክሌቱ ባትሪ አለ፤ ለማታ መብራት የተገዛች ትንሽ ሶላርም አለች። ቀኑን ሙሉ ብትሞላው ባትሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ያሠራል። የጎደለው ሳተላይቱን ማግኛ ነው። ጣራ ላይ መውጣት አይታሰብም፤ ሰው ጣራ ላይ ከታየ ይተኮስበታል ይባል ነበር። ዲሹን ከመሬት ሆኖ በግምት ማዞር ይቻላል፣ ነገር ግን አንድ ዲግሪ ከሳቱ ምንም የለም፤ በፍለጋው መሐል ባትሪው ያልቃል።

ያኔ ነው ያለፈው ዓመት ትዝ ያለኝ። ልክ በዚያው ሰሞን ደንበኞቻቸው ሁሉ ከቀትር በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ይበጣጠሳል እያሉ አስቸግረዋቸው ነበር። አባባ ጣራ ለጣራ ሲወጡ ሲወርዱ ከርመው ምንም ብልሽት አጡ። እኔ መጻሕፍቴን አገላብጬ ምክንያቱን አገኘሁት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት፣ ፀሐይ ከዲሹ ሲታይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። የራሷ ሞገድ የሳተላይቱን ድምፅ ይውጠዋል። ስታልፍ ሁሉም ይመለሳል።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ሳተላይቱን መፈለግ አያስፈልገንም። በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ገደማ ላይ ፀሐይ ያለችበት ቦታ ነው።»

ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዚያ ሚስታቸውን ጠርተው ጆንያው ይፈታ አሉ።

ረቡዕ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ዲሹን በፓፓያውና በአጥሩ መሐል፣ ከመንገድ በማይታይበት ቦታ አቆምነው። እንዲህ ዓይነቱ ዲሽ ሲያዩት አጥሩን ትኩር ብሎ የሚያይ ይመስላል እንጂ የሚቀበለው ከላይ ነው፤ ያ ለመደበቅ ጠቀመን። እማማ ያጠራቀሙትን ከሻይ ቅጠል ማሸጊያ የወጣ ብርማ ወረቀት ቆራርጠን በሳሙና ዲሹ ላይ ለጠፍን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዲሹ ልክ ወደ ፀሐይዋ ከዞረ፣ ከየወረቀቱ የሚመለሰው ብርሃን ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያ ቦታ ደግሞ ኤልኤንቢ የምንለው፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው የዲሹ ዓይን ነው። የግድግዳ ሰዓታቸውን እማማ ደረታቸው ላይ ታቅፈው ደቂቃውን ይነግሩናል። እኔ ዲሹን እይዛለሁ፣ አባባ መሬት ላይ ተንበርክከው ብርሃኑን ያያሉ።

ነጠብጣቦቹ መጀመሪያ አጥሩ ላይ ነበሩ። ቀስ አድርጌ ሳዞረው እየተንቀሳቀሱ መጡ፤ አንዱ ክንዱ ላይ፣ አንዱ የአባባ ግንባር ላይ። ከዚያ አንድ በአንድ የኤልኤንቢው ፊት ላይ ተደራረቡና ዓይን የማያስገልጥ አንድ ብርሃን ሆኑ። አባባ «ያዥ» ብለው ብሎኑን አጠበቁት። ሪሲቨሩን ከፈትነው፤ ምንም የለም። ይህን ጠብቄው ነበር። ፀሐይዋ ገና እዚያው ስለሆነች መጠበቅ ነበረብን። ግን መጠበቅ እንዳለብህ ማወቅና መጠበቅ ይለያያል። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ ስምንት ሆነ፣ ባትሪው እያለቀ ነው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

የሞገዱን ጥራት የምታሳየው መስመር ከዜሮ ተነስታ ብድግ፣ ዝቅ አለች። እንደገና ብድግ አለችና ቆመች። ስክሪኗ ላይ አንዲት አረብ ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ ታየች።

ሦስታችንም ሽንኩርቱ ተከትፎ እስኪያልቅ አየን። በመጨረሻ እማማ፣ ሰው ሽንኩርት እንዲህ አወፍሮ ይከትፋል እንዴ አሉ። አባባ መሬት ላይ ሱጁድ ወረዱ።

የዲሹን እግሮች ቦታ በሚስማር ምልክት አደረግንና አጋደምነው። እማማ ድርቆሽ አሰጡበት። በቀን ላየው ሰው የእህል ማድረቂያ ነው። በማግስቱ አንድ ታጣቂ ውኃ ሊጠይቅ ገባ። ጠጥቶ ሲያበቃ ዲሹን አየና ይሠራል ወይ አለ። እማማ ረጋ ብለው «ጣራ ላይ ሆኖ ዘንድሮ ምን አሳየን ልጄ? እዚህ ይሻላል» አሉት። ወጣቱ ፈገግ አለ፣ አንድ እፍኝ ድርቆሽ ወስዶ ወጣ። ከሄደ በኋላ እማማ እንስራው ላይ ተደግፈው ብዙ ቆዩ።

ጁምዓ ዕለት ከአስር ሰላት በኋላ ዲሹን በምልክቱ ላይ አቆምነው። ምስሉ መጣ። ከሥር ቢጫዋ መስመር ላይ ሰላምታው ይሄዳል፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፣ አረብኛ አላነብም። የማየው የአባባን ፊት ነበር። ከንፈራቸው ከጽሑፉ ጋር ይንቀሳቀሳል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ከንፈራቸው ቆመ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«አባ፣ እማ፣ ደህና ነኝ። ይድረሳችሁ አይድረሳችሁ አላውቅም። ጁምዓ ጁምዓ እጽፋለሁ።»

መስመሩ ሁለት ጊዜ ተመልሶ አለፈ፣ ሁለቱንም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ስክሪኗ ጠፋች። እማማ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። እኔም ደስ ብሎኝ አቀፍኳቸው። ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። የእነሱ ልጅ ደህና ነች፤ የእኔ እናት ወሬ በየትኛውም መስመር ላይ የለም።

ሳይሰሙኝ አልቀሩም። ግድግዳው ስስ ነው። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰማሁ፤ ለዚች ልጅም አንድ ቃል ቢጨምሩላት ምን ነበር፣ እናትሽ ደህና ናት ይላል ቢሏት፣ አትለይ፣ አታነብ፣ አንጀቷ ይርስ ነበር አሏቸው።

«ያልተጻፈ አላነብም» አሉ አባባ። «ዛሬ ካነበብኩላት ነገ እውነቱን ሳነብ በምን ታምነኛለች?»

መጀመሪያ ከፋኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ልቤ ረጋ። በዚያ ወር ከሰማሁት ወሬ ሁሉ የማምነው ነገር በመጨረሻ አገኘሁ፤ እሳቸው ያነበቡት ተጽፎ ነው።

የመስቀል ለት ደመራ አልተደመረም። ማንም ከቤቱ አልወጣም። ጠዋት በሬን ስከፍት እማማ ከአጥሩ ሥር የቆረጡት አደይ አበባ ደፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። አባባ ደግሞ ቁርስ ላይ ነገሩን እንደዋዛ አነሱት። ያገር ቤት ጣቢያዎች ያሉበት፣ በደቡብ ምሥራቅ ያለው ሳተላይት ጀርባስ ፀሐይ የምትቆመው መቼ ነው አሉኝ። ደብተር አውጥቼ አሰላሁ። በዚያው ሰሞን ነው፣ ረፋድ ላይ፣ አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ለምን እንደጠየቁኝ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው፤ ከእኔ አገር ወሬ እንድሰማ ብለው ነው።

ማክሰኞ ደመና ሆነ። ረቡዕም፣ ሐሙስም። ፀሐይዋ በየቀኑ ወደ ደቡብ እየሸሸች ነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ አትረዳንም። ጁምዓ ጠዋት ሰማዩ ወለል ብሎ ነጋ። አባባ ዲሹን እያራገፉ አገኘኋቸው።

አይሆንም አልኳቸው። ባትሪው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ከጨረስነው ከሰዓት ለልጃቸው አይኖርም። ዛሬ ደግሞ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ እንሞክር አልኩ።

«ቅዳሜ ደመና ቢሆንስ?» አሉ። «ልጄ ባለፈው ጁምዓ ነግራኛለች። አንቺ ግን ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልሰማሽም። አብሽሪ፣ ያዥው።»

እማማን አየኋቸው። ሰዓቱን ታቅፈው ቆመዋል።

ይሄኛው ሳተላይት ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ዲሹ ወደ ሰማይ ሊጋደም ምንም አልቀረውም። ብርሃኑ ቶሎ ተሰበሰበ። ከዚያ መጠበቅ። ምስሉ ሲመጣ ባትሪው ከግማሽ በታች ነበር። ጣቢያ ቀያየርን፤ ሙዚቃ፣ ስብሰባ፣ የልጆች ዝግጅት። አንዱ ጋ ዜና ነበር። ስለ ጣና እምቦጭ አረም ነው፤ ሰዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን ይጎትታሉ። ከዚያ ካሜራው ወደ ከተማው ዞረና ባሕር ዳር መጣች። የዘንባባው መንገድ፣ ባጃጆቹ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ብስክሌት ላይ ሁለት ሆነው የሚሄዱ ተማሪዎች። የኛን ሰፈር አላሳዩም። እናቴን አላየሁም። ግን ከተማዋ ቆማለች፣ ሰው በእግሩ እየሄደ ነው፣ መሬቱ በሌሊቱ ዝናብ ርሷል። አንድ ደቂቃም አይሞላም። ያቺ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ሳላያት እንዳለፍኩ አሰብኩ። ስክሪኗ ጠፋች።

«አገርሽ ያምራል» አሉኝ እማማ።

ከሰዓት በኋላ አስር ሰላት ሲደርስ አባባ ሰግደው እንደልማዳቸው ፓፓያው ሥር ተቀመጡ። ዲሹ ድርቆሽ ተሰጥቶበት ተጋድሟል። እኔም አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው እስክታዘቀዝቅ እንዲሁ ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ጁምዓዎች ዲሹን በሚስማሩ ምልክት ላይ እናቆመዋለን። አንዳንዱ ጁምዓ መልእክት ይመጣል፣ አንዳንዱ አይመጣም። ጽሑፏ አጭር ነው፤ ደህና ነኝ፣ ዱዓ አድርጉልኝ። ለሁለቱ ሽማግሌዎች ሳምንቱን የሚያሻግር ስንቅ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች። መብራቱ ወዲያው አልተመለሰም፤ ስልኩም ሰነበተ። ኔትወርክ የመጣ ቀን መርሳ ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ይጮህ ነበር። እኔ የጎረቤት ስልክ ተውሼ ደወልኩ። እናቴ አነሳች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያ በመስከረም ወር ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎባት ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ሰግተውላት ነበር። ስልኩን ዘግቼ የአባባን ፊት አየሁ። ያን ማታ በግድግዳው በኩል የሰማሁትን አልነገርኳቸውም፤ እናቴ ታማ ነበር ብቻ አልኳቸው። «አሁንስ?» አሉ። አሁን ደህና ናት ስላቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት።

በማግስቱ ልጃቸው ደወለች። እማማ አስቀድመው ብዙ አለቀሱ፤ ከዚያ ስልኩ ለአባባ ደረሰ። ድምፁ ክፍት ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ልጅቷ፣ አባ ያን የጻፍኩልህን ጉዳይ ምነው አታነሳውም አለች። የቱን አሏት። ከመስቀል በኋላ በነበረው ጁምዓ፣ እዚያው ጅዳ የሚሠራ የኛው አገር ልጅ ለኒካህ እንደጠየቃት፣ የአባቷን ፈቃድ እስክታገኝ እንደምትጠብቅ ጽፋ ነበር። እንዲያ ያለውን ነገር በአደባባይ መድገም አፍራ ዳግም አልጻፈችውም፤ ልጁም እስከዚያ ቀን እንደጠበቀ ነው።

ያ ጁምዓ የባሕር ዳር ጁምዓ ነበር። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት አባባ እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ።

«ያን ቀን ሥራ ነበረብን» አሏት ልጃቸውን። «አሁን ነገርሽኝ አይደል? ልጁ ሦስት ወር ከጠበቀ ሰው ነው ማለት ነው። ፈቅጃለሁ በይው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ፓፓያው እንደበሰለ፣ ለቅዳሜ ግራና ሦስት ሰው እንደጠራቸው ይነግሩኝ ጀመር። ቆርቆሮው በጥይት የተበሳሳ ቤት ብዙ ነበር፤ የዲሽ ሥራ ግን በዚያ ዓመት እንደዚያ በዝቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ማየትና መስማት ናፍቆታል።

አሁን የማስተምረው ወልድያ ነው። ልጅቷ በተከታዩ ዓመት ከባሏ ጋር መጥታ ድግስ ተደግሶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ያየኋት ያን ቀን ነው። የአባቷን አፍንጫ ወርሳለች። ጥፋቴን ስነግራት ሳቀች፤ አባቷ አስቀድመው ነግረዋታል፣ ግን አባቷ ሲነግሯት የኔን ስም ትተው ባትሪው አልቆ ነበር ብለው ነው። እውነት ነው፣ ባትሪው አልቆ ነበር። የዋሹት ነገር የለም። እማማ ከወገባቸው ጎበጥ ብለዋል፣ አባባም ጣራ መውጣት ከተው ቆይተዋል። ዕረፍት ሳገኝ ሚኒባስ ይዤ መርሳ እወርዳለሁ። ከመግባቴ በፊት አባባ በር ላይ ሆነው ወልድያ ሰማዩ እንዴት ነው ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።